ሁለት መዝገብ

ከአዘዞ ሜዳ ዳር፣ ከሽቦው ሥር ቆማ፣
ሰማይ ትለካለች ለዚህች ለከተማ፣
ክንድ የማትሞላ የዝገት ቆርቆሮ።
አባቴ አዛናው፣ ጠብታዋን ቆጥሮ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት፣ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ፣
በሰማያዊ ቢክ ጻፈ የሰማይን ጉዳይ።
«ሰባት ነጥብ ሁለት»፤ «ዱካ»፤ «ምንም የለም»፤
ከዚህ ሌላ ግጥም አልጻፈም ለዓለም።

የእኔ ሌላ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ፣
ከሞላልኝ መጋዘን፣ ከጆንያው ወዲያ፣
የገቢና የወጪ ሒሳብ ያዥ ነኝ እኔ፤
ጤፍ ሲሸጥ እያየሁ አለፈ ዘመኔ።

ባለፈው መስከረም አንድ ምሁር መጣ፤
ካዳራሹ መድረክ ካርታ ይዞ ወጣ።
ሙቁን አገር በቀይ፣ ብርዱን በሰማያዊ ቀብቶ፣
«ሙቀት ያደኸያል» አለን ጣት አንስቶ።
ጎንደርን ፈለግኋት፤ ቀይም ሰማያዊም አይደለች፣
በሁለቱ መሃል ነጭ ሆና ቀርታለች።

ዝም አልኩ። ምን ልበል? እኛ ዘንድ
ከደባርቅ ገብስ እስከ መተማ ሰሊጥ የአንድ ቀን ነው መንገድ፤
ጧት ጋቢ ደርቦ የተነሳው ሾፌር፣
ደረቱን ከፍቶ ነው ማታ ላብ ሲጠርግ የሚያድር።
ታዲያ ድህነት የትኛው ፌርማታ ላይ ነው የወረደው?
አይሱዙው ይመስክር፣ ከብርድ እስከ ሙቀት በአንድ ጀንበር የሄደው።

አባቴ ሲያርፍ መዝገቡን አወረሰኝ፤
ሌላማ ምን አለው? መሬት አልቆረሰኝ።
አንድ ሌሊት፣ መብራት ሄዶ፣ በስልኬ ብርሃን
አጎንብሼ አየሁ ሁለቱን ጎን ለጎን፤
የእሱን ጠብታ፣ የእኔን ብር፤
ዝናቡ ሲጠግብ ዋጋው ሲሰበር፣
ጠብታው ሲሳሳ ጤፉ ሲከብር፣
እንደ ሚዛን ሳህን አንዱ ሲወርድ አንዱ ሲሰቀል።
«እውነቱን ነው» አልኩ፤ «ሰማይ ነው ሀብት የሚያድል።»

ገጹን ስገልጥ ግን እጄ ቀዘቀዘ፤
ከአንድ ክረምት ላይ ዓይኔ ፈዘዘ።
ነሐሴ ነው፤ አባቴ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣
«ምንም የለም» ይላል፣ ይኸው ነው ቃሉ።
በእኔ መዝገብ ደግሞ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ በዚያው ግድም፣
የሞላልኝ ትርፍ፣ ሁለቴ ተሰምሮበት፤ እንዲያ አምሮ አያውቅም።
በጥር የሰበሰበው፣ ቆልፎ ያቆየው፣
በጳጉሜን ሲከፈት ወርቅ ሆኖ አገኘው።

ሰማይ ሲራቆት መጋዘኑ ለበሰ።
የደንቢያው ገበሬ በሬውን ሸጠና ጤፍ ሸምቶ ተመለሰ፣
ያውም የራሱን ጤፍ፣ በጥር ያወረደውን፤
በጣቱ ሲዳስስ አየሁት፣ የጆንያውን አፍ፣ ራሱ የሰፋውን።

እና ዝናብ ምንድን ነው? የአገር ሀብት ነው? ነው።
ክፋቱ፣ ሲቀርም ለአንዳንዱ ሀብት ነው።
አንገረብ ሲጎድል ቧንቧው ደርቆ ይስላል፤
ውሃ በቦቴ የሚሸጠው ከቤቱ ላይ ፎቅ ይቀጥላል።
ምሁሩ ይህን ቀለም ካርታው ላይ አልቀባም፤
እኔም እጄን አውጥቼ አልጠየቅሁትም።

ከባለዕዳዎቹ ተርታ፣ ከገጹ ግርጌ፣
«አዛናው፣ ሃያ አምስት ኪሎ፣ በዱቤ።»
ጽሕፈቱ የእኔ ነው።
ረስቼው ኖሯል። ወይም እንድረሳው ነው የጻፍኩት።
ሰማይ ሲለካ የኖረ ሰው፣ ከልጁ ፊት ቆሞ፣ ጤፍ ተለክቶለት፣
አንድ ቃል አልተነፈሰ። እኔም አንገቴን ደፋሁበት።

ዛሬ ሐምሌ ሰባት። ሲያካፋ አደረ።
የአዘዞዋን ቆርቆሮ የሚያነባት የለም፤ አጥሩ ተሰበረ።
ከጓሮዬ ግን የቲማቲም ጣሳ አስቀምጫለሁ፤
በልጄ ማስመሪያ ለካሁት፤ አሥራ አንድ ሚሊ አገኘሁ።
ሥራ ገብቼ መዝገቤን ከፈትኩ፤
ከገቢው ልጻፈው፣ ከወጪው ልጻፈው እያልኩ
እስክሪብቶዬ ደረቀ።
«ምነው ዘገየሽ?» ብሎ ሞላልኝ ከበሩ ጠየቀ።
«ዝናብ ይዞኝ» አልኩት።
ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ አልሳቀ።